አናት የሌለው መስፈሪያ

ጣልያን አገር ደርሶ የመጣ ሰው ስለ ድንጋይ የመጻፍ ግዴታ ያለበት ይመስላል። አደባባዩ፣ ደወል ቤቱ፣ የስንትና ስንት መቶ ዓመት ግድግዳው! ከእኔ በፊት የሄዱት ጽፈውታል፤ ከእኔ በኋላ የሚሄዱትም ይጽፉታል። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ የሳልሳ ጣሳ ነው። የማይመቸው አንባቢ እዚሁ መውረድ ይችላል፤ ባቡሩ ገና አልተነሳም።

ባለፈው ሐምሌ፣ እዚህ አዲስ አበባ ሰዉ ጃንጥላውን ይዞ ጭቃ ሲዘል፣ እኔ ከቬኒስ ወደ ፓዶቫ በሚወስድ ባቡር ውስጥ በሙቀት እቀልጥ ነበር። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ነው። መንገዱ ከመርካቶ ቦሌ በሥራ መውጫ ሰዓት ከመሄድ በጣም ያጥራል፤ ስለዚህ «ጉዞ» ብዬ ማጋነን አልፈልግም። ለአንድ ስብሰባ ከየአገሩ የመጣን ስምንት ሰዎች ነን። ከፊታችን ቢጫ ጃንጥላ ወደ ላይ የቀሰረች ወጣት አስጎብኚ አለች። ዝናብ የለም፤ ጃንጥላው እኛ እንዳንጠፋ ነው።

ከተማዋን አልነቅፍም። መሀሏ ላይ የተገለበጠች መርከብ የመሰለ ጣሪያ ያለው ትልቅ የጥንት የፍርድ አዳራሽ አለ። ከአዳራሹ ሥር፣ በቅስቶቹ ውስጥ፣ ገበያ ነው። ሥጋ፣ አይብ፣ እህል ይሸጣል። ከላይ ዳኛ፣ ከታች ነጋዴ፤ አሠራሩን ወደድኩት። አስጎብኚዋ የአዳራሹ ጥግ ላይ ካለ አንድ ድንጋይ አጠገብ አቆመችን። ድንጋዩ ላይ የጡብ ልክ፣ የጣሪያ ሸክላ ልክ፣ የጨርቅ ልክ ተቀርጿል። ከእነሱ ጋር አንድ ክብ አለ፤ የእህል መስፈሪያ ነው።

«በመካከለኛው ዘመን ገዢና ሻጭ ሲጣሉ እዚህ እየመጡ ያመሳክሩ ነበር» አለች። «ሰፈሩን የውሸቶች ጥግ ይሉታል። ይህ ክብ ግን አይዋሽም።» እጇን ክቡ ላይ አሳረፈች። «ይህ ፍትሕ ነው።»

ሰባቱ ፎቶ አነሱ። እኔ ግን አፍንጫዬ ወደ ኋላ ጎተተኝ። ከበስተጀርባችን ካለ አንድ ሱቅ የጆንያና የደረቀ ጥራጥሬ ሽታ እየመጣ ነበር፤ ያ አፈርም ዱቄትም ያልሆነ፣ ጉሮሮ የሚከረክር አቧራ። በፓዶቫ ፀሐይ ላይ ቆሜ እግሬ መርካቶ፣ እህል በረንዳ ጭቃ ውስጥ ገባ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አማኑኤል አካባቢ፣ ስድስት ቤት በአንድ ግቢ ነው። እናቴ ቀኑን ሙሉ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ስለምትውል፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔን ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘነቡ ታስረክበኝ ነበር። እትዬ ዘነቡ እህል በረንዳ ዳር፣ ጋሼ ሸምሱ የሚባሉ የጅምላ ነጋዴ መጋዘን ጣሪያ ሥር፣ ከጣውላ የተመታች መደብ ነበረቻቸው። እዚያ ላይ ተቀምጠው ምስር፣ አተር ክክ፣ ሽምብራና ባቄላ በጣሳ ይቸረችራሉ። ባል ሞቶባቸዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ሰው «ማን አለዎት?» ሲላቸው «መደቤ አለችኝ» ይላሉ፤ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አልነበረም።

የእኔ ሥራ ምስር መልቀም ነው። ሰፌድ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠጠሩን ከምስሩ እለያለሁ። ያን ጊዜ ጠጠር ማለት ክርስትና ያልተነሳ ምስር ይመስለኝ ነበር፤ በደንብ ሳይጠመቅ ቀርቶ ደንድኖ የቀረ። ለእያንዳንዱ እያዘንኩ ነበር የምጥለው።

ጣሳው የሳልሳ ጣሳ ነው። ጎኑ ላይ ግማሽ ፊቱን ዝገት የበላው ቲማቲም አለ። ከሥሩ በባዕድ ፊደል የተጻፈ ደቃቅ ጽሑፍ ነበረበት፤ የመስፈሪያ ሕግ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው «ከተከፈተ በኋላ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» ሳይል አይቀርም። ከጣልያን የመጣ ሕግ ነው ብዬ ግን በጣም አከብረው ነበር።

እትዬ ዘነቡ ሲሰፍሩ ማየት ነበር። ጣሳውን በቀኝ እጃቸው ጆንያው ውስጥ ይሰዱታል። ሞልቶ ሲወጣ በግራ እጃቸው አናት ያወጡለታል፤ እህሉ ጫፉ ላይ እየሾለ፣ እየሾለ፣ አንዲት ፍሬ ብትጨመር የሚናድ እስኪመስል። የመጀመሪያውን «አንድ» አይሉም፤ «አንድ አምላክ» ይላሉ። ከዚያ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ገዢዋ ዘምቢል ውስጥ ይገለብጡታል።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ነው። ገዢዋ ዘምቢሏን አትዘጋም። እንደከፈተች ዝም ብላ ትቆማለች፤ ጣሪያ ታያለች፣ ዝናቡን ታያለች። እትዬ ዘነቡም ሌላ ሥራ እንዳለበት ሰው ጆንያ ያስተካክላሉ። እንዲህ ሆኖ ጥቂት ይቆያል።

«ውይ እትዬ፣ ይቺ እኮ ለአንድ መነኩሴ አትበቃም።»

«መነኩሴውን አምጪው። ከተረፈው ትመልሺልኛለሽ።»

«ጾም ነው፣ ልጆቹ ሌላ የሚበሉት የላቸውም።»

«ጾሙን እኔ አላወጅኩት!»

ይህን እያሉ ግራ እጃቸው ጆንያው ውስጥ ገብቶ ወጥቷል። አንድ ጭብጥ ዘምቢሉ ላይ ዘርገፍ። ምርቃት። ያኔ ገዢዋ ዘምቢሏን ትዘጋለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ዘምቢል ሳይዘጋ የሄደች ሴት በዚያ መደብ ላይ አላየሁም። ይህን ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው የሚል ሰው አለ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ በማባከን ማን ማንን እንደሚበልጥ አውቃለሁ።

ፍልሰታ ገባ። እኛ ልጆች እንጾማለን፤ አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን እየሄድን እናስቀድሳለን። ከቀኖቹ በአንዱ ቄሱ ስለ ነጋዴዎች ሰበኩ። ታቹ የጎደለ መስፈሪያ የያዘ ነጋዴ በሰማይ ቤት በዚያው በገዛ መስፈሪያው ይሰፈርለታል አሉ። ሌላው ሰው አንቀላፍቶ ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ነቅቼ፣ መንግሥተ ሰማያት በጆንያ ተቀምጦ መልአኩ በጣሳ ሲሰፍር አየሁት።

በማግስቱ ጣሳውን ላጥብ ስገለብጠው ቂጡ ወደ ውስጥ ገብቷል። የአውራ ጣት ጫፍ ያህል። ወድቆ የተጎዳ አይደለም፤ ሆነ ብሎ፣ በድንጋይ፣ ዙሪያውን ተመትቶ የገባ ነው።

ያቺ ራት ሳይበሉ ለእኔ የሚያበሉ ሴትዮ፣ ቂጡ በገባ ጣሳ! መልአኩ ያቺን ጣሳ ይዞ እሳቸውን ሲጠብቃቸው ታየኝ። መጠየቅ አልፈለግኩም፤ ኃጢአተኛ ሲጠየቅ ይዋሻል፣ ሲዋሽ ደግሞ ዕዳው ይጨምራል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሎጂክ እንከን የለበትም። እንከኑ ያለው ልጁ የሚያውቀው ነገር ላይ ነው።

እትዬ ዘነቡ ቅዳሴ ሄደው መደቧን እኔ ስጠብቅ፣ ከጋሼ ሸምሱ ሚዛን ላይ አንዱን የብረት መመዘኛ አነሳሁ። ጣሳውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ከውስጥ በኩል፣ በሁለት እጄ ደጋግሜ መታሁት። ቂጡ ድም ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዳበስኩት፤ ልሙጥ ነው። ነፍስ አዳንኩ ብዬ ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ። በዚያን ቀን የጣልኳቸው ጠጠሮች እንኳ የተጠመቁ መሰሉኝ።

ሦስት ቀን ይቆይ የነበረ ጆንያ በሁለት ቀን ማለቅ ጀመረ።

«ሸምሱ፣ ይህ ጆንያህ ከመጋዘን ሲወጣ አይጥ ሸኝቶታል» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«የእኔ አይጥ ጠግቦ ነው የሚውለው፣ ከአንቺ ጆንያ ምን ፈልጎ?» አሉ ጋሼ ሸምሱ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮፍያቸው ከጭንቅላታቸው የማይለይ ሰው ናቸው። ቢሆንም የሚቀጥለውን ጆንያ ሚዛን ላይ አወጡት። ልክ ነው። ሌላውንም አወጡ። ልክ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ዘነቡ ግራ እጃቸውን ማየት አመጡ። አናት ያወጡና ያዩታል። ጭብጥ ይዘግኑና፣ ዘምቢሉ ላይ ከመጣላቸው በፊት ከፍተው ያዩታል። አማኑኤል ሄደው እጃቸውን ጠበል አስነከሩት። ለሃያ ስንት ዓመት ሲሰፍር የኖረ እጅ፣ ልኩን በጨለማም የሚያውቅ እጅ፤ አሁን ጭብጡ እየሰፋ፣ አናቱ እየረዘመ እንደሄደ ነበር የመሰላቸው።

አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ወደ እኔ ዞር ብለው «እጄ ከዳኝ» አሉኝ።

«እንዴት ይከዳል እትዬ?»

«አረጀ። አይኔ እያየ እጄ ይዘረግፋል። እጅ የከዳው ሰው መደብ ላይ ምን ይሠራል? ለመስቀል ለሌላ ሰው እለቃለሁ።»

መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። እኔ እኮ እውነትን ነበር ያስተካከልኩት፤ እግዚአብሔር ለእውነት የሚከፍለው ትንሽ ዘግይቶ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ብዙዎቹ ደራሲዎች ያን ቀን ከነበርኩበት ቦታ ፈቀቅ አላሉም።

ከዚያ ማስታወቂያው መጣ። ሰው ሁሉ «ጓድ» የሚባልበት ዘመን ነው። አንድ ሰውዬ በድምፅ ማጉያ እየጮኸ በተራው መሀል አለፈ፦ በነገው ዕለት የቸርቻሪ መስፈሪያ ሁሉ ማኅተም ባለው የናስ መስፈሪያ ይመሳከራል፤ ጎድሎ የተገኘ ጣሳ ይጨፈለቃል፤ ባለቤቱ ከመደብ ይነሳል። ከነገ ጀምሮ መስፈሪያ አፉ በዱላ ተጠርጎ ነው የሚሸጥበት። ክምር የለም፣ ጭማሪ የለም።

ማስታወቂያው ጥጉን ሳይዞር ተራው በሙሉ መቀጥቀጥ ጀመረ። ቋ! ቋ! ቋ! እያንዳንዱ ቸርቻሪ ጣሳውን እየገለበጠ፣ ከውስጥ በድንጋይ፣ በመዶሻ፣ በሙቀጫ ዘነዘና ቂጡን ያወጣል።

«የቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ምናለሽ ተራ ወደኛ ተዛወረ እንዴ?» አሉ ጋሼ ሸምሱ ጆሯቸውን ይዘው።

የሁሉም ጣሳ ገብቶ ነበር! አንድ ሳይቀር! ለካስ እኔ አንዷን ነፍስ ሳድን መላው እህል በረንዳ ገሃነም አፋፍ ላይ ተሰልፏል።

እትዬ ዘነቡም ጣሳቸውን ገለበጡት። አውራ ጣታቸውን ወደ ጎድጓዳው ሰደዱ። ጎድጓዳ የለም። ደግመው ዳበሱት። ከዚያ ቀስ ብለው አይናቸውን ወደ ሰፌዴ አመጡ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«በፍልሰታ። እርስዎ ቅዳሴ ሲሄዱ። ቄሱ እኮ... መልአኩ በዚያው ጣሳ...» ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ እያለቀስኩ።

ጥፊ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ግራ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ። ፊታቸው ላይ የበራውን ነገር በየትኛውም ቤተ መዘክር ሥዕል ላይ አላየሁትም፤ ደግሞም ፈልጌ ነበር።

«እጄ ደህና ናት» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ጮኹ፦ «ሸምሱ! እጄ ደህና ናት! ይህች ሰይጣን ናት እንጂ እጄስ ደህና ናት!»

ጋሼ ሸምሱ ነገሩን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ግን አሁንም አልገባኝም።

«ግን እትዬ፣ ቂጡ የገባ ጣሳ ማታለል አይደለም?»

«ነይ እስቲ። ይህን ጣሳ አናት ሳላወጣ ሸጬበት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ሳልመርቅስ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ጎንበስ ብለሽ ቂጡን ስታዪ፣ ቀና ብለሽ አናቱን ምነው አላየሽ?»

ያኔ ገባኝ። በዚያ ተራ አፉን ተጠርጎ የሚሰጥ እህል የለም። ገዢ አናት ማየት ትፈልጋለች፤ ስጦታም ትፈልጋለች። ሻጭ ደግሞ አናቱንና ስጦታውን የምታገኘው ከጣሳው ቂጥ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ገዢዎቹ ራሳቸው ጣሳ እየገለበጡ ያያሉ፣ ከአውራ ጣት በላይ የገባ ከሆነ ወደ ሌላ መደብ ይሄዳሉ። የማያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፦ እኔና መስፈሪያውን ያሳወጀው ሰውዬ።

መርካቶ አታላይ የለበትም ልል አይደለም። ከእኛ ሦስት መደብ አለፍ ብሎ፣ ሲሰፍር አውራ ጣቱን ጣሳው ውስጥ የሚከት ሰውዬ ነበር። እሱም ያን ቀን ጣሳውን አቅንቷል። ከሁሉ ፈጥኖ።

«እንግዲህ ልጅቷ ገላገለችሽ» አሉ ጋሼ ሸምሱ። «እንደዚሁ ልሙጡን ይዘሽ ቅረቢ፤ ታልፊያለሽ። ከነገ ጀምሮ በዱላ ጠረግ፣ ጠረግ ነው።»

«ሰው ፊት እህል ልላጭ?»

«ትእዛዝ ነዋ።»

«ዘምቢሏን ከፍታ የቆመችውንስ ምን ልበላት?»

«በቃ፣ ሂጂ በያት።»

እትዬ ዘነቡ «ያቺን ብረትህን አቀብለኝ» አሉ። ጋሼ ሸምሱ የሚሆነው ገብቷቸዋል፤ «አንቺ ሴትዮ፣ መደብሽ ነው!» እያሉ አቀበሏቸው። እትዬ ዘነቡ ጣሳውን ደፍተው፣ ከውጭ በኩል፣ ቂጡን ቋ! አደረጉት። ዙሪያውን እየዞሩ አንድ አውራ ጣት ያህል አስገቡት። ተራው ሁሉ ወደ ውጭ ሲቀጠቅጥ እሳቸው ወደ ውስጥ ቀጠቀጡ። ድምፁ አንድ ዓይነት ስለሆነ ማንም አላወቀም።

በማግስቱ ተቆጣጣሪው መጣ። ወጣት ነው፤ ካኪ ለብሷል፣ ጫማው አዲስ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ለእያንዳንዱ መደብ ሰላምታ ይሰጣል። የናሱ መስፈሪያ ከማብለጭለጩ የተነሳ ወርቅ መስሎኝ ነበር። አውራ ጣቱን የሚከተው ሰውዬ አለፈ፤ ጣሳው ላይ ማኅተም ተመታለት። የእኛ ተራ ደረሰ።

ተቆጣጣሪው ጣሳውን በምስር ሞላና አፉን በዱላ ጠርጎ ወደ ናሱ ገለበጠው። ናሱ አልሞላም። ሁለት ጣት ያህል ጎደለ።

«እናቴ፣ ጎድሏል።»

«እኔ እንደዚያ አልሸጥም። አምጣው ልስፈርልህ።»

«ልኩ በዱላ ነው።»

«አንተ ዱላህን ይዘህ ነው የመጣኸው፤ እኔ ሃያ ስንት ዓመት የሸጥኩት በእጄ ነው። አንድ ጊዜ እይ፣ ከዚያ የፈለግኸውን አድርግ።»

ሰው ተሰበሰበ። ተቆጣጣሪው ሰው ፊት እንቢ ማለት ከብዶት ናሱን ባዶ አደረገና አስቀመጠው። እትዬ ዘነቡ «አንድ አምላክ» አሉ። ጣሳው ገብቶ ወጣ፤ ግራ እጃቸው አናት አወጣ፤ ናሱ ውስጥ ተገለበጠ። ወደ ከንፈሩ ደረሰ። ከዚያ ግራ እጃቸው ጆንያው ውስጥ ገብቶ አንድ ጭብጥ ይዞ ወጣ። ናሱ ሞልቶ ፈሰሰ። ምስሩ በአዲሱ ጫማው ላይ ተንጠባጠበ።

ሕዝቡ ሳቀ። መሳቁ ነው ነገሩን ያበላሸው። ተቆጣጣሪው ጆሮው ቀላ፤ ዙሪያውን ሲያይ ሰፌድ የያዝኩትን እኔን አገኘ።

«አንቺ ተማሪ ነሽ?»

«አዎ።»

«ሊትር ተምረሻል?»

«ተምሬያለሁ።»

«እንግዲያው ለእነዚህ ሰዎች ንገሪያቸው። ይህ ጣሳ ሙሉ ነው ወይስ ጎዶሎ?»

እትዬ ዘነቡ አላዩኝም፤ ጆንያቸውን ነበር የሚያዩት። «ጎዶሎ» ብል እሱ ይደሰታል፤ «ሙሉ» ብል ውሸት ነው፤ ቀደም ብዬ ደግሞ አንዴ ስለ እውነት ብዬ ብረት አንስቻለሁ። እንዲህ አልኩ፦

«ሲላጭ ጎዶሎ ነው። ሲሸጥ ሙሉ ነው።»

«ጥያቄዬ እሱ አይደለም።»

«እሳቸው የሚሸጡት ግን እሱን ነው!» አለች ከሕዝቡ መሀል ዘምቢል የያዘች ሴት።

ተቆጣጣሪው ጣሳውን መሬት ላይ አጋድሞ በጫማው ረገጠው። ቲማቲሙ ታጥፎ አፍና ቂጡ ተገናኙ። አብሮት የመጣ ጓደኛው የእትዬ ዘነቡን ስም መዘገበ። እስከ ማታ መደቧን ለቀቁ። ጣውላዋን ተቆጣጣሪዎቹ ለማን እንደሰጧት ታውቃላችሁ፤ አውራ ጣቱ ጣሳ ውስጥ ላለው ሰውዬ፣ እሱ «ልክ» ነበርና።

ያን ምሽት እናቴ እትዬ ዘነቡ አለቀላቸው አለች። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ግን በራችን ላይ መጥተው «ሰፌድሽን ያዢ» አሉኝ።

ጋሼ ሸምሱ መጋዘናቸው ደጃፍ ላይ፣ ጭቃው ላይ፣ ሁለት ባዶ ጆንያ አንጥፈው ጠበቁን። «መደብ ላይ አትቀመጪ አሉ እንጂ ደጄ ላይ አትቀመጪ አላሉም» አሉ፤ ላስቲክም ወጠሩልን። እትዬ ዘነቡ የምስሩን ጆንያ አፉን ጠቅልለው ተቀመጡ። ጣሳ የላቸውም። የመጀመሪያዋ ገዢ ያቺው ትናንት ከሕዝቡ መሀል የጮኸችው ሴት ነበረች።

«በምን ሊሰፍሩልኝ ነው እትዬ?»

እትዬ ዘነቡ ሁለት እጃቸውን አገናኝተው ዘረጉ። «በዚህ።»

«ስንት እፍኝ ነው አንድ ጣሳ?»

«እስክትዘጊው ድረስ ነው።»

ሴትዮዋ ሳቀችና ዘምቢሏን ከፈተች። «አንድ አምላክ» ብለው ጀመሩ። ሁለት እጅ ሲገናኝ ቂጡም አናቱም የራሱ ነው፤ ማንም ከውስጥ አያቀናው፣ ማንም በዱላ አይጠርገው። ከዳኝ ብለው ጠበል ያስነከሩት ያ እጅ ያን ክረምት ጨርሶ ሰፈረ። ሰልፉ አንዳንድ ቀን እስከ መንገዱ ይደርስ ነበር። ምን ያህል እፍኝ እንደሚገባት እያንዳንዷ ሴት ታውቃለች፤ ገዢዋ ቶሎ ከዘጋች እሳቸው «ክፈቺው» ይላሉ፤ ካዘገየች «አፈር ስሆን ዝጊው» ይላሉ።

ተቆጣጣሪው አንድ ቀን ተመልሶ መጣ። ሰልፉን አልፎ ፊታቸው ቆመ።

«እናቴ፣ መስፈሪያዎ የት አለ?»

እትዬ ዘነቡ ምስር እንደያዙ ሁለት እጃቸውን ወደሱ ዘረጉ። «ይኸው። ከፈለግህ ማኅተሙን እዚህ ላይ ምታ፤ ከፈለግህ እርገጠው።»

ጫማውን አየ፤ እጃቸውን አየ። ዝናቡ ጠንከር ሲል አንገቱን ሰብሮ ሄደ። ለመስቀልም እትዬ ዘነቡ ያቺን ደጃፍ ለማንም አልለቀቁም።

ፓዶቫ ላይ ሰባቱ ፎቶ አንስተው ሲጨርሱ አስጎብኚዋን ጠየቅኳት።

«አናቱስ?»

«ምን አናት?»

«መስፈሪያው ሲሞላ ከላይ የሚቆለለው።»

«አይ፣ በዱላ ይጠረግ ነበር። ክምር ካለ እኮ ጠብ አይጠፋም» አለች በትሕትና። «በእናንተ አገር በምን ትሰፍሩ ነበር?»

ሁለት እጄን አገናኝቼ አሳየኋት።

«የሰው እጅ ግን ይለያያል» አለች።

«አዎ።»

«ታዲያ እንዴት ትተማመኑ ነበር?»

ልጅቷ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ፤ እኔም ከልቤ ልመልስላት ፈልጌ እንደገና ድንጋዩን አየሁት። ግድግዳ ላይ የተቀረጸ ክብ ነው። ውስጡ እህል አይገባም፤ ላዩ ላይ አንዲት ፍሬ አይቆምም። ስንት መቶ ዓመት ያልተሳሳተው ስንት መቶ ዓመት አንድም ሰው ስላላበላ ነው። ይህን በእንግሊዝኛ ብናገረው ስድብ ይመስላል። «ቆይ፣ አሳይሻለሁ» አልኳትና ወደ ሽታው ሄድኩ።

ሱቁ ውስጥ አንዲት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ፣ ከጆንያዎች መሀል ቆመዋል። ቦሎቄ በጣት አሳየኋቸው፤ አንድ ኪሎ። በጭልፋ ዝቀው ሚዛኑ ላይ አደረጉ። ቁጥሩ ከአንድ ኪሎ ትንሽ አለፈ። ሴትዮዋ ሦስት ፍሬ ቦሎቄ አንስተው ወደ ጆንያው መለሱ። ቁጥሩ ተስተካከለ። ወረቀት ከረጢቱ ውስጥ ገልብጠው ሰጡኝ፤ ከፈልኩ።

ከረጢቱን አልዘጋሁትም።

እንደከፈትኩት ቆምኩ። ጣሪያውን አየሁ፤ ጥሩ ጣሪያ ነው። ሴትዮዋ የረሱት ነገር ያለ መስሏቸው ሚዛኑን አዩ፤ ገንዘቡን አዩ፤ እኔን አዩ። አንድ ነገር አሉኝ፤ አልገባኝም። ከኋላዬ ሰልፍ ተጀመረ፤ አንድ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። አስጎብኚዋ በር ላይ ሆና ቢጫ ጃንጥላዋን እያወዛወዘች «ባቡሩ!» ትላለች። ከረጢቱን ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አደረግኩት።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ከረጢቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ግራ እጃቸው ጆንያው ውስጥ ገብቶ አንድ ጭብጥ ቦሎቄ ይዞ ወጣ፤ ከረጢቴ ላይ ዘርገፍ።

ዘጋሁት።